የወባ ወቅት ሲመጣ የሁለት ወር ትእዛዛችን እንዴት ይሰላ?

ጥያቄ፦ የመጋዘን ኃላፊ፣ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ ባልደረቦች። የምሠራው በቆላማ ወረዳ በሚገኝ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ሲሆን፣ የመድኃኒት መጋዘኑን ከተረከብኩ ሁለተኛ ዓመቴን ልይዝ ነው። ይህን የምጽፈው 610 አዋቂዎች ሊታከሙበት ይችሉ የነበረ ኮአርተም የተባለ የወባ ክኒን ጊዜው አልፎበት እንዲወገድ በካርቶን ካሸግሁ በኋላ ነው። የሚያንገበግበኝ መጣሉ ብቻ አይደለም፤ ይኸው መድኃኒት ጥቅምት ላይ ለ18 ቀናት ከመጋዘናችን ጠፍቶ፣ በነፃ ሊያገኘው የሚገባውን በሽተኛ ማዘዣ ይዞ ወደ ግል መድኃኒት ቤት እንዲሄድ ስናደርገው ነበር።

እንዴት እዚህ እንደደረስኩ በቁጥር ላስረዳ። ሁላችሁም እንደምታውቁት፣ አርአርኤፍ የምንለው የሪፖርትና ጥያቄ ቅጽ በየሁለት ወሩ የሚላክ ሲሆን፣ ለሆስፒታልና ለጤና ጣቢያ የተቀመጠው ከፍተኛ ክምችት የ4 ወር፣ ዝቅተኛው የ2 ወር፣ የድንገተኛ ትእዛዝ መስጫው ደግሞ የግማሽ ወር ፍጆታ ነው። ስለዚህ የሁለቱን ወር ፍጆታ በ2 አባዝቼ፣ በእጄ ያለውን ቀንሼ እጠይቃለሁ። ባለፈው ክረምት በሐምሌና በነሐሴ ያወጣሁት ባለ 24 ፍሬው የአዋቂ ኮአርተም 420 ነበር (ጳጉሜንን እኛ ከነሐሴ ጋር ነው የምንደምራት፤ የእርሷም ነገር ለብቻው ራስ ምታት ነው)። በመጋዘን የቀረኝ 380 ስለነበር 840 ሲቀነስ 380፣ ማለትም 460 ጠየቅሁ፤ የጠየቅሁትም ሳይጎድል መጣልኝ። መስከረም ሲገባ ግን ካርዱ ክፍል ደጃፍ ላይ ሰልፉ ረዘመ፣ በቀን 7 የነበረው ወጪ 20 ደረሰ፣ ጥቅምት 12 ቀን ላይ ቢን ካርዱ (የመድኃኒቱን ገቢ፣ ወጪና ቀሪ የምንመዘግብበት ካርድ) ዜሮ ሆነ።

ከዚያ የጥቅምቱን ሪፖርት ስሠራ፣ ያለቀብንን ቀናት እንዳስተካክል በሥልጠና በተነገረኝ መሠረት ያወጣሁትን 840 በሁለቱ ወር 60 ቀናት አባዝቼ መድኃኒቱ ለነበረባቸው 42 ቀናት አካፈልኩና 1,200 አገኘሁ፤ እርሱን በ2 አባዝቼ 2,400 ጠየቅሁ። መድኃኒቱ ኅዳር አጋማሽ ላይ ደረሰ። የአገልግሎት ዘመኑ ሊያበቃ ስምንት ወር እንደቀረው በሞዴል 19 (በገቢ ደረሰኝ) ስቀበል አይቻለሁ፤ በዚያ ፍጥነት ከሄደ በአራት ወር ያልቃል ብዬ ግን አላሳሰበኝም። ታኅሣሥ ላይ ወባው ጋብ አለ። ቀሪውን ታሪክ ከላይ ተናግሬዋለሁ።

ቀመሩን አንድም ቦታ አልሳትኩትም፤ ውጤቱ ግን ሁለት ጊዜ ተሳሳተ። በቅርቡ የግንቦትና የሰኔን ሪፖርት ልልክ ስለሆነ፣ በወረርሽኝ ወቅት ትእዛዛችሁን እንዴት እንደምታሰሉ፣ ከኮአርተም ሌላስ አስቀድሜ ልይዘው የሚገባኝ ነገር ምን እንደሆነ ብታካፍሉኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

መልስ 1፦ ነባር ፋርማሲስት፣ ጠቅላላ ሆስፒታል

ወንድሜ፣ ቁጥሩን ሳይደብቁ በማስቀመጥዎ አመሰግናለሁ፤ ብዙዎቻችን ጊዜው ያለፈበትን መድኃኒት ከመደርደሪያ ጀርባ እናቆየዋለን እንጂ አደባባይ አናወጣውም።

ችግሩን ራስዎ ነግረውናል። ቀመሩ ወደ ኋላ ነው የሚያየው። «ያለፈው ሁለት ወር ሲደገም» ብሎ የሚያስብ ስለሆነ፣ ዓመቱን ሙሉ እኩል ለሚሄድ መድኃኒት፣ ለምሳሌ ለደም ግፊት ክኒን፣ እንከን የለውም። የእኛ ወባ ግን ዋናው ወቅቱ ክረምቱ ሲወጣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ፣ አነስተኛው ደግሞ ሚያዝያና ግንቦት አካባቢ ነው። የነሐሴው ሪፖርት ዝናቡ ገና ውኃ እያቆረ ባለበት፣ በሽተኛ ባልበዛበት ጊዜ የነበረውን ፍጆታ ይዞ ለመስከረም ያዝዛል፤ የጥቅምቱ ሪፖርት ደግሞ የጫፉን ፍጆታ ይዞ ወባው ለሚረግብበት ለጥርና ለየካቲት ያዝዛል። እጥረቱም ብክነቱም ከአንድ እናት የተወለዱ ናቸው።

እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። የ4 ወሩን ጣሪያ አልነካም፤ የምለውጠው የየትኞቹን አራት ወራት ፍጆታ እንደምወስድ ነው። ያለፉትን ሁለት ወራት በ2 በማባዛት ፋንታ፣ የሚመጡት አራት ወራት በአምናው ዓመት ስንት እንደወሰዱ አይቼ እርሱን ጣሪያ አደርገዋለሁ። በእርስዎ ቁጥር እንሞክረው። የጥቅምቱን ሪፖርት ሲሠሩ ከፊትዎ የነበሩት ወራት ኅዳር፣ ታኅሣሥ፣ ጥርና የካቲት ናቸው። በቆላ ያሉ ሆስፒታሎች ብዙውን ጊዜ በእነዚህ አራት ወራት የሚያወጡት ከመስከረምና ከጥቅምቱ ያነሰ ነው። እንበልና ኅዳርና ታኅሣሥ 700፣ ጥርና የካቲት 250 ቢሆን፣ ጣሪያው 950 ይሆን ነበር እንጂ 2,400 አይሆንም። አሁን በሰኔ መጨረሻ የሚልኩት ደግሞ ዕድለኛ ሪፖርት ነው፤ ሐምሌን፣ ነሐሴን፣ መስከረምንና ጥቅምትን አንድ ላይ ስለሚሸፍን፣ ጣሪያው 420 ሲደመር 1,200፣ ማለትም 1,620 ይሆናል። ለመስከረም በነሐሴ መጨረሻ ማዘዝ የዘገየ ነው፤ ወንዝ ሞልቶ መንገድ ሳይቆረጥ፣ በሐምሌ መጀመሪያ መድኃኒቱ መደርደሪያዎ ላይ መሆን አለበት።

በዚህ ውስጥ አንድ ወጥመድ አለ። 1,200 ያሉት ቁጥር ራሱ ሳያንስ አይቀርም። ያለቀባችሁን ቀናት በ60 ለ42 ስናስተካክል፣ መድኃኒቱ በጠፋባቸው ቀናት የሚመጣው በሽተኛ ቀደም ሲል ከነበረው እኩል ነው ብለን ገምተናል ማለት ነው። እናንተ ያለቀባችሁ ግን ከጥቅምት 12 በኋላ፣ ወባው ሽቅብ በሚወጣበት ጊዜ ነው። ስለዚህ ለጥቅምት የመጋዘኑን ወጪ ይተዉትና ወደ ላቦራቶሪ መዝገብ ይሂዱ፤ በደም ምርመራ ፋልሲፓረም (በኮአርተም የሚታከመው የወባ ዓይነት) ወይም ድብልቅ የተገኘባቸውን አዋቂዎች አንድ በአንድ ይቁጠሩ። ሌላው የወባ ዓይነት፣ ቫይቫክስ፣ ብቻውን የተገኘባቸው ሕክምናቸው ክሎሮኪንና ፕሪማኪን ስለሆነ ለብቻ ይቆጠሩ። አድካሚ ነው፤ እኔ ግማሽ ቀን ይፈጅብኛል። መዝገብ ግን መድኃኒት ስለጠፋ አይቀንስም፤ ቢን ካርድ ግን ይቀንሳል።

ደግሞ ክምችትዎን በእሽግ ብቻ ሳይሆን በፍሬም ይቁጠሩ። ኮአርተም በክብደት አራት ዓይነት እሽግ አለው፦ ባለ 6፣ ባለ 12፣ ባለ 18 እና ባለ 24። የአዋቂው ባለ 24 አልቆ ባለ 12ቱ ተትረፍርፎ ከሆነ፣ ፍሬው ያው ጥንካሬ ያለው ስለሆነ ሁለት ባለ 12 እሽግ ለአንድ አዋቂ ሙሉ ሕክምና ይሆናል፤ አወሳሰዱ ግን በማሸጊያው ላይ ከተጻፈው ስለሚለይ፣ በቀን ሁለት ጊዜ አራት አራት ፍሬ ለሦስት ቀን ተብሎ በእጅ ተጽፎ፣ በቃልም ተደግሞ ይሰጥ። የልጆቹን የሚሟሟ ፍሬ ግን አትንኩት፤ እርሱ ካለቀ ለሕፃናቱ የሚተካው አይገኝም። በጥቅምት ያን 18 ቀን ስትቸገሩ ባለ 12ቱ ምን ያህል እንደነበራችሁ ቢያዩት ጥሩ ነው።

አንድ ነገር ጨምሬ ላብቃ። በደጋ ሆስፒታል ስሠራ የወባ መድኃኒት የሚያልቅብን መስከረም ሳይሆን ኅዳር ነበር፤ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ወደ ሁመራ የወረደው የቀን ሠራተኛ ትኩሳቱን ይዞ ሲመለስ። በአካባቢያችን ትንኝ ስለሌለ ማንም አይጠረጥረውም ነበር። የእርስዎም ወረዳ የጉልበት ሠራተኛ የሚጎርፍበት ከሆነ፣ የነዋሪው ቁጥር ብቻውን አያስኬድዎትም።

መልስ 2፦ ሲስተር፣ የድንገተኛ ክፍል አስተባባሪ

የፋርማሲ ባልደረቦቻችን ውይይት ኮአርተም ላይ ቆመ፤ እኔ ከአልጋው ወገን ያለውን ልጨምር።

በወባ ወቅት በሽተኛ የሚሞትብን ክኒን ስለጠፋ ብቻ አይደለም። ባለፈው ጥቅምት አንድ ሌሊት ለከባድ ወባ በመርፌ የሚሰጠው አርቴሱኔት በካርቶን እያለን፣ የሦስት ዓመት ሕፃን እየተንቀጠቀጠች መጥታ፣ ቢጫው ካኑላ (በደም ሥር የሚገባው ቀጭን ቱቦ) አልቆ ነበር። ሮዙና አረንጓዴው መደርደሪያውን ሞልቶታል፤ እርሱን በዚያች ልጅ ክንድ ማን ያስገባዋል? በመጨረሻ ከሕፃናት ክፍል አንድ ተለምኖ መጣ። መድኃኒቱን በጡንቻ መስጠት እንደሚቻል አውቃለሁ፤ ስኳሯ ወርዶ ለነበረች ልጅ ግን ግሉኮስ በደም ሥር ያስፈልጋታል። ስለዚህ መጋዘን ያላችሁ ሁሉ፣ እባካችሁ ካኑላን «ካኑላ» ብላችሁ በአንድ መስመር አትያዙት። ባለ 24 ጌጁ ቢጫው፣ ባለ 22ቱ ሰማያዊው፣ ባለ 20ው ሮዙ፣ እያንዳንዱ የራሱ ቢን ካርድ ይኑረው። የ40 በመቶ ግሉኮስ፣ የኢንፊውዥን ሴት፣ የደም መስጫ ሴት፣ ጓንትና የላቦራቶሪው ፈጣን የወባ መመርመሪያ ከአርቴሱኔቱ ጋር በአንድ እርምጃ የሚወጡ ናቸው፤ አርቴሱኔት በእጥፍ ስታዝዙ እነርሱን በቀድሞው ልክ ካዘዛችሁ ግማሽ ሥራ ነው።

አርቴሱኔቱም ቢሆን በበሽተኛ ቁጥር ሳይሆን በብልቃጥ ይሰላ። ብልቃጡ 60 ሚሊግራም ነው። 60 ኪሎ የሚመዝን አዋቂ በአንድ ጊዜ 144 ሚሊግራም ስለሚወስድ ሦስት ብልቃጥ ይከፈትለታል፤ ሲገባ፣ ከ12 ሰዓት በኋላና ከ24 ሰዓት በኋላ ሲሰጠው ዘጠኝ ብልቃጥ ነው፣ ክኒን መዋጥ ካልቻለ ደግሞ በየቀኑ ሦስት ይጨመራል። 12 ኪሎ የሆነ ሕፃን በኪሎ 3 ሚሊግራም ሲታሰብ በአንድ ጊዜ አንድ ብልቃጥ፣ በጠቅላላው ሦስት ይበቃዋል። ከተበጠበጠ በኋላ የተረፈው ለሚቀጥለው መጠን ስለማይቆይ ይደፋል። እንግዲህ «30 ከባድ ወባ ገብቷል» የሚል ሪፖርት ብቻውን ለማዘዝ አይጠቅምም፤ ሃያው ሕፃናት ናቸው ወይስ ሃያው የቀን ሠራተኞች የሚለው ልዩነቱ የትየለሌ ነው።

አሁን ደግሞ ቅር እንዳትሰኙብኝ። ፋርማሲዎች ሁልጊዜ «ክፍሎቹ ይደብቃሉ» ትሉናላችሁ። እውነት ነው፣ እንደብቃለን። እኔ ራሴ በቁም ሣጥኔ ሁለት ካርቶን አርቴሱኔት ነበረኝ፤ በመጋዘኑ መዝገብ ግን እንደወጣና እንደተጠቀምንበት ተቆጥሯል። የምንደብቀው ግን ቅዳሜና እሑድ የመጋዘኑ ቁልፍ በአንድ ሰው ኪስ ስለሚሄድ ነው። ጠያቂው ይህን ካልፈቱ፣ ወቅቱ ሊገባ ሲል እያንዳንዱ ክፍል ሲያከማች እርስዎ «ፍጆታ ጨመረ» ብለው ያዝዛሉ። እኛ ጋ የተፈታው በቀላሉ ነበር፦ ድንገተኛ ክፍሉ አንድ የታሸገ ሣጥን ተሰጠው፣ ውስጡ ያለው ተቆጥሮ ክዳኑ ላይ ተለጠፈ፣ ማኅተሙን የሰበረ ሰው ይፈርማል፣ ጠዋት ፋርማሲስቱ የተነሣውን ተክቶ እንደገና ያሽገዋል። ቁም ሣጥኔን በዚያው ሳምንት አስረከብኩ።

መልስ 3፦ የስርጭት ባለሙያ

ከቅጹ በሌላ ወገን ተቀምጬ የማየውን ልናገር። በግሌ ነው የምጽፈው።

መልስ 1 ላይ የተሰጠው ስሌት ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ፤ ግን ያለ ማብራሪያ ከመጣ እኔ ዘንድ አጠራጣሪ ይመስላል። አንድ ሆስፒታል ሁልጊዜ 500 ሲጠይቅ ቆይቶ በሰኔ 1,400 ቢጠይቅ፣ መጀመሪያ የምገምተው አንድ ዜሮ ተሳስቷል ብዬ ወይም አምና ስለተቸገረ ዘንድሮ አጋኗል ብዬ ነው። መጋነን ደግሞ ተላላፊ ነው፤ አሥር ተቋም ሲያጋንን ያለው ክምችት ስለማይበቃ ለሁሉም እየተቀነሰ ይሰጣል፣ በሚቀጥለው ጊዜ ሁሉም እንደሚቀነስበት አውቆ የበለጠ ያጋንናል፣ በእውነት የጠየቀው ሰው ተጎጂ ይሆናል። ይህን ሰንሰለት የሚቆርጠው አንድ ገጽ ወረቀት ነው። የቅጹ የአስተያየት ቦታ ባዶ ሆኖ ነው በብዛት የሚመጣልን፤ እርስዎ ግን የሦስት ዓመት የወር ፍጆታና የላቦራቶሪ ቁጥር አያይዘው፣ «ጣሪያው የተሰላው ለሚመጡት አራት ወራት ነው» ብለው በአንድ መስመር ቢጽፉ፣ ስልክ አንሥቼ ለመከራከር ምክንያት የለኝም።

ከማጋነን ሌላ መንገድም አለ። በየሳምንቱ ለወረዳው የምትልኩት የወባ ሪፖርት አለ አይደል? የአምስት ዓመቱን የየሳምንቱን ቁጥር ደርድረው፣ ለእያንዳንዱ ሳምንት ከአምስቱ ሁለተኛውን ከፍተኛ ቁጥር ሲወስዱ የወረርሽኝ መነሻ መስመሩ ይወጣል። የክትትል ባለሙያዎቹ ይህን ሰንጠረዥ ግድግዳ ላይ ይለጥፉታል፤ ፋርማሲው ግን አያየውም፣ ክፍሉ ከመጋዘኑ ሃያ እርምጃ ርቆ እያለ። የዘንድሮው መስመር ያንን ሲያልፍ ቆጠራዎን ከወር ወደ ሳምንት ያውርዱት፤ የግማሽ ወር ክምችት ላይ ሲደርሱም ቀጣዩን ሪፖርት ሳይጠብቁ የድንገተኛ ትእዛዝ ይላኩ። «ሪፖርት ሊደርስ አሥር ቀን ስለቀረው ጠበቅሁ» የሚለውን ምክንያት በየዓመቱ እሰማለሁ፤ በቀን 20 በሚወጣበት ወቅት አሥር ቀን 200 ሰው ነው።

የአምናው መጠን ዘንድሮም ይደገማል ብሎ ማሰብም አደጋ አለው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደዘገበው፣ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 እስከ ኦክቶበር 20 ቀን 2024 ባለው ጊዜ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማንና 1,157 ሞት ተመዝግቧል። በእርስዎ መስከረምና ጥቅምት የታየው ሰልፍ የዚያ ክፍል ነው፤ ስለዚህ እንደ ተራ ዓመት ልማድ አይውሰዱት። ቢያንስ ሦስት ዓመት ያመሳክሩ፤ ቁጥሩን ራሱን ሳይሆን መስከረምና ጥቅምት የሐምሌና የነሐሴ ስንት እጥፍ እንደሆነ ይመልከቱ። እጥፉ ከዓመት ዓመት ከቁጥሩ ይልቅ የረጋ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ስለ 610ሩ ደግሞ፣ ጥር ላይ አንድ ጊዜ ቢደውሉ ኖሮ አይጣልም ነበር። ስድስት ወር የቀረው መድኃኒት ወደ ሌላ ተቋም በሞዴል 22 ወጪ ሆኖ ሊዛወር ይችላል፤ ሁለት ወር የቀረውን ግን ማንም አይቀበልም። በየወሩ ቆጠራ ሲያደርጉ ለእያንዳንዱ ባች (በአንድ ጊዜ ለተመረተው ምድብ) የቀረውን ወር በእርሳስ ይጻፉና፣ በወር በሚወጣው መጠን ሲባዛ ከክምችቱ ካነሰ ያን ዕለት ያሳውቁ።

ጠያቂው በድጋሚ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ከላቦራቶሪው ባለሙያ ጋር መዝገቡን ገልጠን ቆጠርን። በመስከረምና በጥቅምት ፋልሲፓረም ወይም ድብልቅ የተገኘባቸው አዋቂዎች 1,310 ናቸው፤ እንደተባለውም 1,200 ያንስ ኖሯል። የቀደሙትን ሁለት ዓመታት ሳይ በ2015 መስከረምና ጥቅምት ከዚያ በፊት የነበሩት የሐምሌና የነሐሴ 2.7 እጥፍ፣ በ2016 ደግሞ 2.6 እጥፍ ሆኖ ተገኘ፤ የ2017ቱ 3.1 እጥፍ ነው። ዓመቱ ከወትሮው የከበደ እንደነበረ ባውቅም፣ ልዩነቱ ሰፊ ስላልሆነ 1,310ን ይዤ መሄዱን መርጫለሁ። 420 ሲጨመርበት 1,730፣ ጊዜው ያላለፈበት 180 በእጄ ስላለ ጥያቄዬ 1,550 ሆነ። በድሮው ቀመር ቢሆን የግንቦትና የሰኔው 510 በ2 ተባዝቶ፣ 180ው ተቀንሶ 840 ብቻ ነበር የምጠይቀው። ሦስቱን ዓመት በአንድ ገጽ አስፍሬ አያይዣለሁ።

ባለ 12ቱን እሽግ በተመለከተ ግን የጥቅምቱን ቢን ካርድ ሳገላብጥ አፈርኩ፤ የአዋቂው ዜሮ በሆነበት ቀን ባለ 12ቱ 236 ነበር። 118 አዋቂ ማለት ነው።

ሲስተር፣ የካኑላዎቹን ካርድ ለየሁ፤ ቢጫው 14 ብቻ ነው የቀረው፣ የድንገተኛ ትእዛዝም ዛሬ ወጥቷል። የታሸገው ሣጥን ሐሳብ ለመድኃኒትና ሕክምና ኮሚቴ ቀርቦ ተቀባይነት አግኝቷል፤ ክርክሩ የቀረው ስንት አርቴሱኔት ይግባበት በሚለው ላይ ነው። እኔ 18 ብልቃጥ ብያለሁ፣ ለሁለት አዋቂ የመጀመሪያ ቀን። ድንገተኛ ክፍሉ 27 ይላል። የእናንተ ሣጥን ስንት ይይዛል?

ሲስተር፦

የእኛው 24 ነው፤ ከቅዳሜ ጠዋት እስከ ሰኞ ጠዋት በአምናው ጥቅምት ከገባው በሽተኛ ተሰልቶ የመጣ ነው። እናንተም የቅዳሜና የእሑድ ተረኞችን መዝገብ ለብቻው ቁጠሩት። ከሣጥኑ ጋር ለእያንዳንዱ ብልቃጥ የሚያስፈልገው የመበጥበጫ ባይካርቦኔት አምፑል መግባቱን ደግሞ ራስዎ ያረጋግጡ፤ እኛ በመጀመሪያው ሳምንት ረስተነው ነበር።